ኳሱ በአየር ላይ እያለ ልጄ ለምን ዞሮ አያይም?

የሲልቨር ስፕሪንጉ አባት፦
ልጄ 16 ዓመቱ ነው፤ ለትምህርት ቤቱ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን በኮርነርባክነት፣ ማለትም የተቃራኒውን ኳስ ተቀባይ በሚከተል ተከላካይነት፣ ይጫወታል። ባለፈው ዓርብ ማታ ሪሲቨሩን (ኳስ ተቀባዩን) ትከሻ ለትከሻ ሆኖ 30 ያርድ ያህል ተከተለው። ኳሱ ሲመጣ ከመቀመጫዬ ተነሥቼ «ዙር!» ብዬ ጮህኩ። አልዞረም። የሪሲቨሩን ክንድ ኳሱ ሳይደርስ መታውና ዳኛው የጥፋት ምልክት የሆነውን ቢጫ ጨርቅ ወረወረ፤ 15 ያርድ ተቀጣን። እኔ አዳማ ሳለሁ እግር ኳስ የተጫወትኩት በተከላካይነት ነው። ኳሱንም ሰውየውንም አንድ ላይ ማየት የመጀመሪያ ትምህርታችን ነበር። በቴሌቪዥን የማያቸው ታላላቆቹም ግን እንደ ልጄ ጀርባቸውን ለኳሱ ሰጥተው ይሮጣሉ። አንገት ማዞር ይህን ያህል ከባድ ነው?

ረዳት አሰልጣኝ፣ ሚኒሶታ፦
ወንድሜ፣ እባክዎ ልጁን አይቆጡት። እርስዎ በተጫወቱበት ሜዳ ኳሱ ከፊት ለፊት ይመጣል። እዚህ ግን ኳርተርባኩ፣ ኳሱን የሚወረውረው ተጫዋች፣ ከልጁ ጀርባ ነው፤ ሪሲቨሩ የሚሄድበትን ያውቃል፣ ልጁ አያውቅም። ራስ ሲዞር ትከሻ ይከተላል፣ ትከሻ ዳሌን ይስባል፣ እርምጃ ያጥራል። ኳሱን በዓይን ፈልጎ እስኪያገኝ ሪሲቨሩ ጥሎት ይሄዳል።

እኛ የምናስተምረው እንዲህ ነው። ዳሌ ለዳሌ ገጥመህ ስትሮጥ ዙር፤ አንድ እርምጃ ከኋላ ከቀረህ ፈጽሞ አትዙር። ያን ጊዜ የሪሲቨሩን ዓይንና እጅ ተመልከት፤ እጁ ሲነሣ ኳሱ ደርሷል ማለት ነው፣ እጅህን በእጆቹ መካከል አስገባ። ችግሩ፣ ጎበዝ ሪሲቨር እጁን እስከ መጨረሻዋ ቅጽበት አያነሣም። የልጅዎ እጅ ቀድሞ የደረሰው ምናልባት ለዚህ ይሆናል።

የዳላስ ደጋፊ፦
አለመዞር ብቻውን ጥፋት አይደለም፤ የሚያስቀጣው ኳሱን ሳይጫወቱ ሰውየውን መግፋት ወይም መያዝ ነው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 4 ቀን 2015 ዳላስ ከዲትሮይት ሲጫወት የዳላሱ ተከላካይ (ላይንባከር) አንቶኒ ሂቸንስ ጀርባውን ለኳሱ ሰጥቶ ነበር። ዳኛው ጨርቁን ጣለ፣ ጥፋቱም በድምፅ ማጉያ ተነገረ፣ ከዚያ ተሰረዘ። 24 ለ 20 አሸነፍን፤ የዲትሮይት ሰዎች እስከ ዛሬ ይንገበገባሉ፣ እኔም እፈርድላቸዋለሁ። በኤንኤፍኤል (በአሜሪካ የፕሮፌሽናል ፉትቦል ሊግ) ቅጣቱ ከትምህርት ቤት የከፋ ነው፤ ኳሱ ጥፋቱ በተፈጸመበት ቦታ ይቀመጣል፣ 40 ያርድም ቢሆን።

የሲልቨር ስፕሪንጉ አባት፦
እናቱ በስልክ የቀረጸችውን ደግሜ አየሁት። ከመቀመጫዬ ትከሻ ለትከሻ የመሰለኝ ልክ አልነበረም፤ ኳሱ ሲወረወር አንድ እርምጃ ሙሉ ወደ ኋላ ቀርቷል። ዙር ብዬ የጮህኩት መዞር በሌለበት ሰዓት ነው። ዛሬ ማታ ይህንኑ እነግረዋለሁ። ቅዳሜ አብሬው ሜዳ ብወርድ ምን ላሠራው?

ረዳት አሰልጣኝ፣ ሚኒሶታ፦
መስመሩን ይዞ ይሩጥ፤ እርስዎ ከኋላው ሆነው ይወርውሩና ኳሱ ከእጅዎ ሲወጣ «ኳስ!» ይበሉ። ከመስመሩ ሳይወጣ አገጩን ወደ ትከሻው ያምጣ። መጀመሪያ በሶምሶማ፣ ፍጥነቱ በኋላ ይመጣል። በግራም በቀኝም ያሠሩት፤ አብዛኞቹ ልጆች በአንደኛው ጎን ብቻ ነው የሚዞሩት።