የላፕቶፕ ማራገቢያ ጩኸትና ከመጠን ያለፈ ሙቀት

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። አምስት ዓመት ያገለገለው ላፕቶፔ ቪዲዮ ማቀናበር ስጀምር ማራገቢያው ወዲያው ይጮኻል፤ የፕሮሰሰሩ ሙቀትም 97 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርስና ሥራው ይንቀራፈፋል። የማራገቢያውን ፍጥነት በፕሮግራም ብቀንሰው ጉዳት ይኖረዋል?

መልስ፦ እባክዎ አይቀንሱት። ማራገቢያው የሚጮኸው ሙቀቱን ማስወጣት ስላቃተው ነውና፣ አስቀድመው የጀርባውን ክዳን አስከፍተው በማራገቢያውና ከፊቱ ባሉት ስስ የብረት ክንፎች መካከል የተጋገረውን አቧራ ያስጠርጉ፤ ከእኔው ላፕቶፕ እንደ ጥጥ የተጠቀለለ አቧራ ወጥቷል። አየር ሲነፋበት ማራገቢያው እንዳይሽከረከር በጣት መያዝ ያስፈልጋል።

ሌላ መልስ፦ በዊንዶውስ የኃይል ማስተካከያ ውስጥ የፕሮሰሰሩን ከፍተኛ አቅም ከ100 ወደ 99 በመቶ ቢያወርዱት፣ በብዙ ላፕቶፖች ቱርቦ የሚባለው ተጨማሪ ፍጥነት ስለሚጠፋ ሙቀቱ ይቀንሳል፤ ቪዲዮው ግን ዘግይቶ ይጠናቀቃል።

ጠያቂው፦ ከልብ አመሰግናለሁ። 99 ሳደርገው ወደ 78 ዲግሪ ወርዷል፤ ቅዳሜ አስጠርገዋለሁ።