የእጅና የእግር የጦር ቁስል ሕክምና፦ የጋራ የበጀት ዕቅድ ረቂቃችን ላይ ውይይት

ጸሐፊ፦ ሰላም ደሴዎች፣ ሰላም ኮምቦልቻዎች! ረቂቁ እንዳያችሁት አብዛኛውን በጀት የተሰበረ አጥንት ላይ ከውስጥ ለሚታሰር ብረት (ለፕሌት) እና ለብሎኑ መድቧል። እስከ ጁምዓ አስተያየት ስጡበት።

የአጥንት ሐኪም፦ በፕሌቱ አልስማማም። የጥይትና የፍንጣሪ ቁስል ከላይ ሲያዩት ትንሽ ቀዳዳ ነው። ውስጡ ግን አፈር፣ የልብስ ብጣሽና የሞተ ሥጋ አለ። እዚያ ላይ ብረት መቅበር ኢንፌክሽን መጋበዝ ነው። መጀመሪያ ይታጠባል፣ የሞተው ተቆርጦ ይወጣል። አጥንቱ ከውጭ በፊክሳተር (አጥንት ውስጥ በሚገቡ ፒኖችና ከቆዳ ውጭ በሚያያይዛቸው ዘንግ) ወይም በጀሶ ይያዛል። ቁስሉ ክፍቱን ይቆይና ንጹሕ ከሆነ ከ4 ወይም 5 ቀን በኋላ ይሰፋል። ረቂቁ ይህን ሁለተኛ ኦፕራሲዮን ጭራሽ አላሰበውም።

ሲስተር (ከኮምቦልቻ)፦ ልክ ነው ዶክተር፣ ግን ቤተሰቡን ማን ያስረዳል? «ልጄን ሳይሰፉት ተዉት» ብሎ የሚቆጣ ብዙ ነው። እሱን ለማብረድ ሲሉ የሚሰፉም አሉ። ስለዚህ ሥልጠናው ለጤና ጣቢያ ባለሙያዎች ይሁን። ደግሞ ቱርኒኬት (ደም ለማቆም እጅ ወይም እግር ላይ የሚጠብቅ ማሰሪያ) የታሰረበት ሰዓት ሪፈር ወረቀቱ ላይ ይጻፍ። ከሁለት ሰዓት በላይ ከቆየ ጡንቻና ነርቭ መጎዳት ይጀምራል፤ ስድስት ሰዓት ደም ያላገኘ እግር ብዙ ጊዜ አይተርፍም። ከኮምቦልቻ ደሴ ለመድረስ የሐረጎን ዳገት መውጣት ብቻ ነው። የሚያሳስበኝ ከሩቅ ወረዳ የሚመጣው ነው።

ሒሳብ ያዥ፦ አንድ ሰው ሁለት ሦስቴ ከገባ ጓንቱም ማደንዘዣውም በዚያው ይባዛል። ፕሌቱን ካላወጣን በጀቱ አይችለውም።

የአጥንት ሐኪም፦ ይውጣ። የፊክሳተሩ ዘንግ በአውቶክሌቭ (በእንፋሎት ጀርም መግደያ) እየተቀቀለ ለሌላ ታካሚ ይውላል። ፒኑ ግን አይደገምም፤ እሱን በደንብ ያዙልን። የቴታነስ መከላከያና አንቲባዮቲክም እንዳይረሳ።

ፊዚዮቴራፒስት፦ እኔንስ ረሳችሁኝ? እግሩ ከጉልበት በታች ለተቆረጠ ሰው አስታማሚው አዝኖለት ጉልበቱ ሥር ትራስ ያደርጋል። ጉልበቱ እንደታጠፈ ይቀራል። ከዚያ ደሴ ካለው የአካል ተሃድሶ ማዕከል ሰው ሠራሽ እግር ቢሰጠውም መራመድ ይቸግረዋል። ለአስታማሚ የሚሰጥ አንድ ገጽ ምክር ይግባልኝ፤ ወጪው የኅትመት ብቻ ነው።

ጸሐፊ፦ ገብቷል። ፕሌቱ ወጥቷል፤ ሁለተኛው ኦፕራሲዮን፣ ፒኑና ሥልጠናው ገብተዋል። ሲስተር፣ የሪፈር ወረቀቱን ናሙና ላኪልን። የቀረው የሥልጠናው ቦታ ነው፤ ደሴ ወይስ ኮምቦልቻ?

ሲስተር፦ ኮምቦልቻ! የደሴን ብርድ ማን ይችለዋል?

ሒሳብ ያዥ፦ የአዳራሽ ኪራዩን አይቼ እነግራችኋለሁ።