ዶክመንቴሽን ላወጣ ስል ፋይሎቼ ጠፉ

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። ብቻዬን የጻፍኩት የፓይተን ፕሮግራም አለኝ፣ 14 ፋይል ነው። የቆዩ የሎግ ፋይሎችን እየለየ ያጠፋል። ለሌላ ሰው ላስረክበው ስለሆነ ዶክመንቴሽኑን (የኮዱን ማብራሪያ) ስፊንክስ በሚባለው የማብራሪያ ገጽ ማዘጋጃ ላወጣ አሰብኩ። ማብራሪያውን ከኮዱ የሚያወጣውን የስፊንክስ ክፍል፣ አውቶዶክን፣ አበራሁ፣ ትእዛዙን ሰጠሁ፣ ገጾቹ ወጡ። ዞር ስል የመሞከሪያ ፎልደሬ ባዶ ነው! ፕሮግራሙን እኮ አላስነሳሁትም። የሁለት ሞጁሎች (የፓይተን ፋይሎች) ገጽ ደግሞ ርዕስ ብቻ ነው ያለው። ምን አጥፍቼ ነው?

መልስ 1
እህቴ፣ እንኳን የመሞከሪያው ሆነ። አውቶዶክ ኮድሽን እንደ ጽሑፍ አያነበውም፣ ኢምፖርት ያደርገዋል፣ ማለትም ፓይተን ላይ ይጭነዋል። ሞጁል ኢምፖርት ሲደረግ ደግሞ ፓይተን ከፈንክሽን (ሲጠራ ብቻ ከሚሠራ የኮድ ክፍል) ውጭ ያለውን መስመር ሁሉ ራን ያደርጋል። ፋይሉ ግርጌ ላይ ማጥፊያውን በቀጥታ ጠርተሽው ይሆናል። ፋይሉ ራሱ ሲነሳ ብቻ የሚሠራው የኔምና የሜይን «ኢፍ» (if __name__ == '__main__':) አለ አይደል? ጥሪውን እሱ ሥር አስገቢው።

ባዶዎቹ ገጾች ያልተጫነ ላይብረሪ (ሌላ ሰው የጻፈው ዝግጁ ኮድ) የሚፈልጉ ይመስለኛል። ማስጠንቀቂያው ላይ ስሙ ይታያል። ጫኚው፣ ካልሆነም የሌለውን ላይብረሪ በማስመሰያ በሚተካው ቅንብር፣ «አውቶዶክ ሞክ ኢምፖርትስ» ውስጥ፣ ጻፊው። ትእዛዙ ላይ ሰረዝና ትልቁን ደብልዩ (-W) ጨምሪ፤ ማስጠንቀቂያ ሁሉ እንደ ስሕተት ይቆጠራል፣ ባዶ ገጽ ተደብቆ አያልፍም።

መልስ 2
ኢምፖርቱ ካሰጋሽ ሌላውን የዶክመንቴሽን መሣሪያ፣ ኤምኬዶክስን፣ ኮድ ከሚያነብለት ተጨማሪው ከኤምኬዶክስትሪንግስ ጋር ሞክሪ። በተለመደው አሠራሩ ኮዱን ሳያስነሳ ነው የሚያነበው።

ጠያቂዋ
ተገኘ! ለሙከራ ብዬ ግርጌ ላይ የተውኩት ጥሪ ነበር። አሁን ገጾቹ ሞልተዋል፣ ግን የሚነግሩኝ ነገር የለም። «ዕድሜ፦ ኢንት» (ሙሉ ቁጥር) ይላል። ቀን ይሁን ሰዓት ማን ያውቃል?

መልስ 1
እሱን የትኛውም መሣሪያ አያወጣልሽም። ታይፕ ሂንት (ኮዱ ላይ የዳታውን ዓይነት የሚጠቁመው ምልክት) ቁጥር መሆኑን እንጂ የምን ቁጥር እንደሆነ አይናገርም። ዶክስትሪንጉ (ፈንክሽኑ ውስጥ የሚጻፈው ማብራሪያ) ላይ አንቺው ጻፊው። ሁሉንም ባንዴ ልጨርስ አትበይ፣ ከሚያጠፉት ፈንክሽኖች ጀምሪ። ዕድሜው በቀን ነው በይ። የጠፋው አይመለስም በይ። ፎልደሩ ከሌለ ምን እንደሚሆን ንገሪያቸው። ናፖሊዮን የሚባለውን የስፊንክስ ክፍል ካበራሽ ዶክስትሪንጉን በጉግል አጻጻፍ መጻፍ ትችያለሽ፣ ለዓይን ይቀላል።

አጭር ምሳሌም ጨምሪና ምሳሌ ትክክል መሆኑን በሚያረጋግጠው በዶክቴስት ፈትሺው፣ ከፓይተን ጋር አብሮ ይመጣል። እኔ አንዴ ፈንክሽኑን ቀይሬ ምሳሌውን ረሳሁት። ባልደረባዬ ምሳሌውን አምኖ ግማሽ ቀን አባከነ፣ እስካሁን ይቆጨኛል። የሚያጠፉትን ፈንክሽኖች ግን በእውነተኛ ፎልደር ምሳሌ እንዳታደርጊያቸው። ዶክቴስትም ኮዱን የምር ራን ያደርገዋል።