አዲስ የተተካው ቱርቦ እንግዳ ድምፅ ያሰማል፤ መንስኤውን እንዴት ልለየው?

ጥያቄ

የተከበራችሁ ባለሙያዎች፣ መኪናዬ ባለ 2.0 ሊትር የናፍጣ ሞተር ነው። የቀድሞው ቱርቦ (በጭስ ኃይል እየተሽከረከረ አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባው ዕቃ) ዘይት ማሳለፍና ሰማያዊ ጭስ ማስወጣት ስለጀመረ፣ ታድሶ በተሸጠ ሌላ ቱርቦ ተተክቷል። ከተገጠመ ወዲህ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነድቻለሁ፤ ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶም ሁለት ድምፆች እሰማለሁ። አንደኛው ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ የሚሰማ ፈጣን የ«ጠክ ጠክ» ድምፅ ሲሆን፣ አሥር ደቂቃ ያህል ከተጓዝኩ በኋላ ይጠፋል። ሁለተኛው ግን ያሳስበኛል፤ ዳገት ስወጣ ወይም ጠንከር አድርጌ ነዳጅ ስሰጥ፣ ሞተሩ በደቂቃ 1,800 ዙር አካባቢ ሲደርስ እንደ አምቡላንስ ጩኸት ይጀምርና እየቀጠነ ይወጣል፣ እግሬን ሳነሣም እየወረደ ይጠፋል። ጉልበቱ አልቀነሰም፣ የማስጠንቀቂያ መብራትም አልበራም። የገጠመልኝ ባለሙያ «አዲስ ስለሆነ ነው፣ እስኪላመድ ይጮኻል» ብሎኛል። መንዳቴን ልቀጥል ወይስ ላቁም?

መልስ፦ ከአንድ የሞተር መካኒክ

ሁለቱን ድምፆች ለይተን ብናያቸው ይሻላል፤ ምንጫቸው አንድ አይመስለኝምና። በቅድሚያ ግን «እስኪላመድ ነው» የሚለውን አይቀበሉት። የቱርቦ ዘንግ በዘይት ንጣፍ ላይ ተንሳፍፎ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ የሚሽከረከር ዕቃ ነው፤ ሚዛኑ የሚስተካከለውም ከመገጠሙ በፊት በማሽን ላይ ነው እንጂ በመንገድ ላይ እየተፋተገ የሚስተካከል ነገር የለውም። በመጀመሪያው ቀን ያልተለመደ ጩኸት ካሰማ፣ በጊዜ ብዛት ቢለወጥ ወደ ባሰው ነው።

ሲቀዘቅዝ የሚሰማውና ሲሞቅ የሚጠፋው «ጠክ ጠክ» በአብዛኛው የጭስ ማፈትለክ ነው። ብረቱ ሲሞቅ ስለሚሰፋ ክፍተቱን ይዘጋዋል፣ ድምፁም አብሮ ይጠፋል። ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ቀዝቅዞ ሳለ በማኒፎልዱና (ጭሱን ከሞተሩ የሚሰበስበው ቧንቧ) በቱርቦው መጋጠሚያ ዙሪያ በባትሪ መብራት ይመልከቱ፤ የሚያፈተልክ ጭስ በጋስኬቱ (በመጋጠሚያው መሃል የሚገባው ማሸጊያ) ጠርዝ ላይ ጥቁር የጥላሸት መስመር ይተዋል። የድሮው ጋስኬት ተመልሶ ተገጥሞ ወይም አንዱ ቡሎን ላልቶ ሊሆን ይችላል። በዚያ በኩል የሚባክነው ጭስ ቱርቦውን የሚያሽከረክረው ኃይል ስለሆነ፣ ጉዳቱ በድምፁ ብቻ አያበቃም።

መልስ፦ ከሌላ አባል

እኔ ደግሞ ስለ ሁለተኛው ድምፅ ልጨምር። ቱርቦው ተበላሽቷል ብለው ከመወሰንዎ በፊት የአየሩን መንገድ ይፈትሹ። ከቱርቦው እስከ ኢንተርኩለሩ (የተጨመቀውን አየር የሚያቀዘቅዘው ክፍል)፣ ከዚያም እስከ ሞተሩ ባሉት ጎማ ቱቦዎች ላይ የተሰነጠቀ ወይም ፋሸታው ያልጠበቀ ካለ የተጨመቀው አየር ይባክናል፤ ቱርቦውም ያንኑ ግፊት ለመሙላት ከሚገባው በላይ ስለሚሽከረከር ይጮኻል። ስንጥቁ በሞተር ንዝረትና በግፊት ጊዜ ብቻ ስለሚከፈት በዓይን ሲታይ ደህና ሊመስል ይችላል። በመጋጠሚያዎቹ ላይ የሳሙና ውሃ ቀብቶ ሥርዓቱን በዝቅተኛ የአየር ግፊት መሙላት አስተማማኙ ዘዴ ነው፤ አረፋ የሚሠራበት ቦታ ቀዳዳው ያለበት ነው።

በብዙ የናፍጣ ሞተሮች ላይ በቱርቦው የአየር መውጫ በኩል ድምፅ የሚያፍን ትንሽ ክፍል አለ። ቱርቦው ሲቀየር ይህ ክፍል ተሰብሮ ወይም ተረስቶ ከሆነ፣ ጤነኛ ቱርቦም ቢሆን የሚረብሽ ፉጨት ያሰማል። ይህን ስንት ሰው ሳያየው ገና ያልተጎዳ ቱርቦ እንደሚያስፈታ ሳስብ ያሳዝነኛል።

አንድ ቀላል ሙከራም አለ። መኪናው ቆሞ፣ ማርሹ ነጻ ሆኖ፣ ሞተሩን ቀስ ብለው እስከ 2,500 ዙር ከፍ ያድርጉት። ጩኸቱ በዚህም ጊዜ በግልጽ ከተሰማ የቺንጋ መወጠሪያ፣ ዲናሞ ወይም ሌላ ከሞተሩ ዙር ጋር የሚሄድ ዕቃ ሊሆን ይችላል። ሸክም ሲኖር ብቻ የሚሰማ ከሆነ ግን ጥርጣሬው ወደ ቱርቦውና ወደ አየር መንገዱ ያጋድላል።

መልስ፦ ቱርቦ በማደስ ሥራ ላይ ካለሁ ሰው

ከላይ የተሰጡት ሁለቱም መልሶች ትክክል ናቸው፤ የአየር መንገዱ ደህና ሆኖ ከተገኘ ግን የሚቀረው ዘንጉን መመርመር ነው። ሞተሩ ጠፍቶ በደንብ ከቀዘቀዘ በኋላ (የናፍጣ ሞተር ጭስ በሸክም ጊዜ ከ700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሊሞቅ ስለሚችል አይቸኩሉ) የአየር ማስገቢያውን ቱቦ ይፍቱና የዘንጉን ጫፍ በጣትዎ ይያዙ። ወደ ጎን ትንሽ ቢወዛወዝ አይደንግጡ፤ ዘንጉን የሚይዘው ኩሽኔታ በውስጡ የዘይት ንጣፍ እንዲይዝ ተብሎ የተተወ ክፍተት ስላለው፣ ሞተሩ ሲቆም ያ ክፍተት በእጅ ይታወቃል። ብዙ ሰው ደህናውን ቱርቦ «ላልቷል» ብሎ የሚጥለው እዚህ ላይ ነው። ወደ ፊትና ወደ ኋላ ያለው እንቅስቃሴ ግን ለጣት ሊሰማ አይገባም፤ በአብዛኛው ከ0.1 ሚሊ ሜትር አያልፍም። ከሁሉ በላይ በዘንጉ ጫፍ ያለውን ባለ ክንፍ መዘውር ወደ ጎን እየተጫኑ ቀስ ብለው ያዙሩት፤ ክንፎቹ ቤቱን (የመዘውሩን ሽፋን) የሚነኩ ከሆነ ወይም በግድግዳው ላይ የሚያብረቀርቅ የመፋቅ ምልክት ከታየ ጥያቄው አብቅቷል፤ ያ ቱርቦ መሥራት የለበትም።

እንዲህ ሆኖ ከተገኘ ሻጩን ከመውቀስዎ በፊት የዘይት ማስገቢያዋን ቀጭን ቧንቧ ይፈትሹ። ሞተር ትኩስ ሳለ በድንገት ሲጠፋ በቧንቧው ውስጥ የቀረው ዘይት ተቃጥሎ ከሰል ይሆናል፣ በዓመታትም መንገዱን ያጠብባል። የመጀመሪያውን ቱርቦ የገደለው ይኸው ከሆነ፣ ሁለተኛውንም በጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ውስጥ ይገድለዋል። በዘይት መግቢያው ላይ ሲሊኮን ተቀብቶም ከሆነ፣ ፍርፋሪው ቀዳዳውን ስለሚዘጋ ውጤቱ ያው ነው።

መልስ፦ ከሌላ አባል

ምርመራው እስኪያልቅ አይንዱት። በናፍጣ ሞተር የቱርቦ ኩሽኔታ ሲበላ ዘይት ወደ አየር መንገዱ ይገባል፤ ሞተሩም ያንን ዘይት እንደ ነዳጅ አቃጥሎ በቁልፍ ቢያጠፉትም ሳይቆም ዙሩን እየጨመረ ሊሄድ ይችላል። ይህን አንድ ጊዜ በዓይኔ አይቻለሁና እለምንዎታለሁ፣ ጉልበቱ አለመቀነሱ አያዘናጋዎት።

ጠያቂው

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። መኪናውን አቁሜ ሌላ መካኒክ ጋር አስመረመርኩት። በማኒፎልዱ ጋስኬት ላይ የጥላሸት መስመር ተገኝቷል፤ አሮጌው ጋስኬት ነበር የተገጠመው። ቱቦዎቹ በሳሙና ውሃ ሲፈተሹ አላስተነፈሱም፣ ድምፅ አፋኙም በቦታው አለ። ዘንጉ ግን ወደ ፊትና ወደ ኋላ በግልጽ ይንቀሳቀሳል፤ ክንፎቹም በአንድ በኩል ቤቱን ፍቀውታል። የዘይት ቧንቧዋ ስትፈታ ውስጧ ከግማሽ በላይ በከሰል ተሞልቶ አገኘነው፤ ቱርቦው ሲቀየር እሷ አልተተካችም ነበር። አሁን ሌላ ቱርቦ ከአዲስ ቧንቧና ከአዲስ ጋስኬቶች ጋር ላስገጥም ነው። ሌላ የምጠነቀቅለት ነገር ይኖር ይሆን?

መልስ፦ ቱርቦ በማደስ ሥራ ላይ ካለሁ ሰው

አዎን። ኢንተርኩለሩንና ቱቦዎቹን አስፈትተው ያሳጥቡ፤ ከቀድሞው ቱርቦ የቀረ ዘይትና የብረት ብናኝ እዚያ ይከማቻል። ዘይቱንና ፊልትሮውን ይቀይሩ። የዘይት መመለሻው ቧንቧ ሳይታጠፍ ወደ ታች መውረዱን፣ የሞተሩ የአየር መተንፈሻም አለመዘጋቱን ያረጋግጡ፤ ዘይቱ ተመልሶ መውረድ ካልቻለ ደህና ቱርቦም ቢሆን ያሳልፋል። ቱርቦው ሲገጠም በዘይት መግቢያው ንጹሕ ዘይት አፍስሰው መዘውሩን በእጅ ያዙሩት፤ ከዚያም ነዳጅ እንዳይደርሰው ተደርጎ የዘይት ግፊት እስኪመጣ ድረስ በሞቶሪኖ ብቻ ይዙር። ሲነሣም ለጥቂት ደቂቃ በሚኒሞ ይተዉት፣ ነዳጅ አይስጡት። የወጣውን አሮጌ ቧንቧም አይጣሉት፤ ሻጩ ስለ ዋስትናው ሲጠይቅዎ የጉዳቱን መነሻ በግልጽ ያሳዩታል።