የአክስቴ ሥዕል፦ ጀርባውን ምን ቀለም ላድርገው?

ሰብለ (ባሕር ዳር)
ሰላም ለሁላችሁ። አክስቴን በዘይት ቀለም እየሣልኩ ነው፤ በፍልሰታ ጾም፣ ነጠላዋን መስቀለኛ ለብሳ፣ መቁጠሪያዋን ይዛ ቆማ ስትጸልይ። ፊቷ ሆኖልኛል። ያስቸገረኝ ጀርባው ነው። ልጇን ከቀበረች ዓመት አልሞላትም፤ ኀዘኑም ተስፋውም እንዲታይ እፈልጋለሁ። አክሊለ ብርሃን አልሥልባትም፤ ቅድስት ናት ለማለት ሥልጣኑ የለኝም። ጓደኛዬ «ኀዘን ስለሆነ ጥቁር አድርጊው፣ ዙሪያዋን ወርቅማ» ይለኛል። እኔ ጥቁሩ የሚውጣት ይመስለኛል። ደግሞስ ወደ ጎን አዙሬ በአንድ ዓይኗ ብሥላትስ?

የዘጌው ሰዓሊ
እኅቴ ሰብለ፣ ጎኑን ተዪው። በቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ጻድቁ ሁለት ዓይኑ ይታያል፤ በጎን፣ በአንድ ዓይን የሚሣለው ይሁዳ ነው፣ ሰቃዮቹ ናቸው፣ ሰይጣን ነው። ያንቺ ሥዕል ለመቅደስ ባይሆንም የሚያየው ሰው ያደገው በዚያ ዓይን ነው። ወደ እኛ አዙሪያት።

ቀለሙን ደግሞ «ጥቁር ኀዘን፣ ቀይ ደም» እያልሽ አትደልድዪው። ቅዱስ መርቆሬዎስ ከሃዲውን ንጉሥ ዑልያኖስን ሲወጋ የተቀመጠበት ፈረስ ጥቁር ነው። ከጊዮርጊስ ነጭ ፈረስ ጎን ሲሣል ያንን ጥቁር በክፉ የሚያየው ምእመን አላጋጠመኝም። ሥላሴን አስቢ፦ ሦስት አረጋውያን፣ አንድ መልክ፣ አንድ ዓይነት ልብስ። ሰዓሊው «አንድ አምላክ» ያለው በመድገም ነው። ቀለም የሚናገረው የት እንደተቀመጠና ከማን ጋር እንደተጋራ ሲታይ ነው፤ ይህን አጥብቄ አምናለሁ።

ለጀርባው፣ በ18ኛው መቶ ዘመን የተስፋፋውን ሁለተኛውን የጎንደር አሣሣል ተመልከቺ። ሰማይም ግድግዳም አይሣልም፤ ቢጫው ቀስ እያለ ወደ ቀይ ወይም ወደ አረንጓዴ ይሄዳል። ብርሃኑ ከመስኮት የሚገባ አይደለም። ከእግሯ ሥር ጥቁር ቀይ ጀምረሽ ወደ ፊቷ ቢጫ እያደረግሽ ውጪ። ኀዘኑም ተስፋውም የሚገናኙት መሐል ላይ፣ እጆቿና መቁጠሪያዋ ጋ ይሆናል።

ዮናስ
በዚህ እስማማለሁ። አንድ ልጨምር፦ ነጠላውን በንጹሕ ነጭ አትዝጊው። በጥላው በኩል የጀርባውን ቀለም ትንሽ አስገቢበት፣ አለዚያ ተቆርጣ የተለጠፈች ትመስላለች። ወርቅማ ካልሽ ደግሞ በጣሳ የሚሸጠውን የወርቅ ቀለም አትንኪ፤ ብዙው የነሐስ ዱቄት ስለሆነ ከጊዜ ጋር ይጠቁራል። ቢጫ ኦከር፣ ያ የአፈር ቢጫ፣ ይበቃሻል።

ሰብለ
እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁለታችሁንም። አንድ ነገር ቀረኝ። የነጠላዋ ጥለት ጥቁር ሰማያዊ ነው። ከጀርባው ጋር እንዲስማማ ወደ ቀይ ልቀይረው?

የዘጌው ሰዓሊ
በፍጹም! ምስለ ፍቁር ወልዳን፣ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ የምትታይባትን ሥዕል፣ ታውቂያታለሽ፤ እመቤታችን ከቀይ ቀሚሷ በላይ የምትጎናጸፈው ሰማያዊ ነው። ልጇን የቀበረች እናት በፍልሰታ ቆማለች፣ ሰማያዊውም ሳትፈልጊው በእጅሽ መጥቶልሻል። ጥለቱን እንዳለ ተዪው። ከታች ካለው ጥቁር ቀይ ውስጥም ያንኑ ሰማያዊ ስስ አድርገሽ አንዴ ድገሚው፤ ግን ቀዩ በደንብ ከደረቀ በኋላ፣ ካልሆነ ይደፈርስብሻል።