የዳሌ ወለል ጡንቻ ችግርን በተመላላሽ ክፍል እንዴት እንለየው?

ጥያቄ (ጤና መኮንን፣ ገጠር ጤና ጣቢያ)
ጤና ይስጥልኝ ባልደረቦቼ። ከእንብርት በታች ያመኛል፣ ሽንት ቶሎ ቶሎ ይመጣብኛል የሚሉ እናቶች ይመላለሳሉ። የሽንት ምርመራቸው ንጹሕ ሆኖ ሳለ፣ ካርዳቸው ሲገለጥ ለሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን በየጊዜው መድኃኒት ተጽፎላቸዋል። የዳሌ ወለል ጡንቻ (ፊኛን፣ ማህፀንንና አንጀትን ከታች ደግፎ የሚይዘው ጡንቻ) ችግር ይሆናል ብዬ እጠረጥራለሁ፤ ወረፋ በበዛበት ክፍል፣ ያለ ልዩ መሣሪያ እንዴት ልለየው?

መልስ (የማህፀንና ጽንስ ሐኪም)
መጠርጠርዎ ተገቢ ነው። «ሌላ የሚያስቸግርዎት ነገር አለ?» ብለን ብንጠይቅ መልሱ «የለም» ነው፤ «ሲያስልዎት ወይም ጀሪካን ሲያነሱ ሽንት ያመልጥዎታል? ማታ ማታ ወደ ታች የሚከብድዎት፣ በእጅዎ የሚዳስሱት ነገር አለ? ሰገራ መያዝ ወይም ማውጣት ያስቸግርዎታል? ግንኙነት ያምዎታል?» ብለን አንድ በአንድ ስንጠይቅ ግን ለዓመታት የተሸሸገው ይነገራል። በምርመራ ጊዜ በጀርባዋ እንደተኛች ብቻ አይቶ መጨረስ የማህፀን መውጣትን ሊሰውር ስለሚችል፣ እንድታስልና እንድታምጥ፣ ካልታየም ቆማ እንድታምጥ ያድርጉ።

አንድ ነገር ፈጽሞ እንዳያልፍዎት አደራ እላለሁ። ከተራዘመ ምጥ በኋላ ቀንና ሌሊት ሳያቋርጥ የሚፈስ ሽንት ፌስቱላ (በፊኛና በብልት መካከል የሚፈጠር ቀዳዳ) ሊሆን ይችላልና የዳሌ ወለል ጡንቻ ማጠንከሪያ ስፖርት ሳያዝዙ ወደሚመለከተው ሆስፒታል ይላኳት። እ.ኤ.አ. በ1974 አዲስ አበባ ላይ የተመሠረተው የሐምሊን ፌስቱላ ሆስፒታል በባሕር ዳር፣ በይርጋለምና በሐረርም ማዕከላት አሉት።

መልስ (ፊዚዮቴራፒስት)
ጡንቻው የላላ ብቻ ሳይሆን መላላት ያቃተውም ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ይህ ሁለተኛው ነው። ፈቃዷን ጠይቀው፣ ጓንት ባጠለቀ አንድ ጣት በብልቷ በኩል ጡንቻውን እየዳሰሱ «ሽንት እንደሚይዙ ወደ ላይ ይሳቡ፤ አሁን ይልቀቁ» ይበሏት። ትንፋሿን ይዛ ወደ ታች የምትገፋ ወይም መቀመጫዋን ብቻ የምታጠብቅ ከሆነ፣ በቃል የተነገራት ስፖርት አልገባትም ማለት ነው። ሲነካ የሚያማትና መልቀቅ የሚያቅታት ከሆነ የማጠንከሪያ ስፖርቱ ሕመሙን ሊያባብሰው ስለሚችል፣ በረጅም ትንፋሽ ማላላትን ያስቀድሙ። ለላላው ግን በቀን 3 ጊዜ፣ በየጊዜው ቢያንስ 8 መሳብ፣ ቢያንስ ለ3 ወር ይሠራ።

ጠያቂው
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሕመም ሳይጠና ልናገኛቸው የምንችለው መቼ ነው?

መልስ (አዋላጅ ነርስ)
ሕፃኑ በ6 ሳምንቱ ለክትባት ሲመጣ ነው። ባል ወይም አማት አጠገቧ ካሉ ስለማትናገር፣ እናቲቱን ለብቻዋ አስገብተን እንጠይቃለን።