ለሁለት ልጆች አንድ ሰሌዳ ይበቃል?

የሁለት ወንዶች እናት (ሴንት ፖል)
ሰላም ወገኖች። የታላቁ ልጄ የክፍል ጓደኛ ቤተሰቦች ሐይቅ ዳር ቤትና ጀልባ አላቸው። ለሐምሌ ሁለቱንም ልጆቼን ጋብዘዋቸዋል። እነሱ ደግሞ ዌክቦርድ ይገዛልን ብለው ሦስት ሳምንት ሙሉ ጨቀጨቁኝ። በጀልባ እየተጎተቱ ውኃ ላይ የሚንሸራተቱበት ሰሌዳ ነው። ሱቅ ሄጄ ባይ ሰሌዳውና የእግር ማሰሪያው ብቻ ከ400 ዶላር በላይ ሆነብኝ። እኔ ለሁሉም ነገር የመደብሁት 300 ዶላር ነው። ታናሹ 13 ዓመቱ ነው፣ 95 ፓውንድ ይመዝናል፤ ታላቁ 15 ዓመቱ፣ 140 ፓውንድ። አንድ ሰሌዳ ለሁለቱ ይሆናል? ያገለገለ ብገዛስ ምኑን አይቼ ልግዛ?

ጡረተኛው መካኒክ (ሚኒያፖሊስ)
እህቴ፣ ሰሌዳውን ለጊዜው ተዪውና ከነፍስ አድን ጃኬቱ ጀምሪ። ውስጡ የተሰፋውን ጽሑፍ አንብቢ፤ የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ ማረጋገጫ ሊኖረው ይገባል። ሱቅ ውስጥ ዓይን የሚስቡት ቀጫጭኖቹ ብዙዎቹ ለውድድር የተሠሩ ናቸው፤ ማረጋገጫ የላቸውም፣ ዋጋቸው ግን ይብሳል። አስለብሺውና ትከሻው ላይ ይዘሽ ወደ ላይ ሳቢው። ጆሮው ድረስ ከወጣ ሰፍቶታል። «ያድግበታል» ብለሽ እንዳትገዢ፣ የትምህርት ቤት ሹራብ አይደለም። ጃኬት ለየልጁ ነው፣ አዲስም ነው። ለሁለቱ ከ100 እስከ 140 ዶላር መድቢ።

ሰሌዳው ግን አንድ ይበቃል። የሚመረጠው በቁመት ሳይሆን በክብደት ነው፤ ከ130 እስከ 134 ሴንቲ ሜትር ያለው ለሁለቱም ይሆናል። ከአፍንጫው እስከ ጭራው ቅስቱ ወጥ የሆነውን፣ ከሥሩም ክንፍ ያለውን ምረጪ፤ ለጀማሪ ቀጥ ብሎ ይሄድለታል። ማሰሪያው ጣት በኩል ክፍት ይሁን፤ እንዲህ ያለው የተለያየ የጫማ ቁጥር ስለሚያስገባ ወንድማማቾች ይቀያየሩበታል።

ያገለገለ ከሆነ ጠርዙን ዙሪያውን በጥፍርሽ እየዳበስሽ እዪ። ተሰንጥቆ ከሆነ ውኃ ወደ ውስጥ ገብቷል፣ ተመለሺ። ብሎኖቹ መሟላታቸውንም ቁጠሪ፤ የአሮጌ ሰሌዳ ብሎን ከአዲሱ ጋር ላይገጥም ይችላል። ገመድ አትግዢ፣ ጀልባ ያለው ሰው ገመድ አያጣም። የማይለጠጥ መሆኑን ብቻ ጠይቂ። ነጂውን ደግሞ በሰዓት ከ18 ማይል በላይ እንዳይፈጥን ለምኚው።

የውኃ ስኪ ራሱ የተጀመረው እዚሁ ሚኒሶታ ውስጥ፣ ፔፒን ሐይቅ ላይ ነው፤ በፈረንጆች 1922 ራልፍ ሳሙኤልሰን የሚባል ወጣት ነው የጀመረው። የገረመኝ የመጀመሪያ ሰሌዳዎቹን ከበርሜል ጣውላ…

የቢሾፍቱ ልጅ
ጋሼ፣ ታሪኩን ያቆዩልን። እህቴ፣ ልጆቹ መዋኘት ይችላሉ? እኔ ያደግሁት ሆራ ሐይቅ አጠገብ ነው። እናቴ «ሐይቁ በየዓመቱ ሰው ይወስዳል» እያለች አስፈራርታን እስከ 40 ዓመቴ እግሬን ውኃ ውስጥ አልነከርሁም። አሁን እዚህ ሐይቅ ዳር ስቀመጥ የሚመጣብኝ የጠዋቱ ጭጋግና የተጠበሰው ዓሣ ሽታ ነው። እዚህ ያለው ሐይቅ ሽታ የለውም።

የሁለት ወንዶች እናት
ይችላሉ፣ ትምህርት ቤት ተምረዋል። የማልችለው እኔ ነኝ።

ታዛቢ (ዳላስ)
ይቅርታ ይደረግልኝና፣ 300 ዶላር ለጨዋታ? ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ይህ ከ30 ሺሕ ብር በላይ ነው። እህቴ አዲስ አበባ ላይ አከራይዋ በየስድስት ወሩ እየጨመረባት ነው። ልጆቻችን ጓደኛቸው ያለውን ሁሉ ካልያዝን ካሉ መጨረሻው የት ነው?

የሁለት ወንዶች እናት
ወንድሜ፣ ለእናቴ በየወሩ 200 ዶላር እልካለሁ፤ 11 ዓመት አንድም ወር አላቋረጥሁም። ባለፈው ዓመትም ተጋብዘው ነበር። ታላቁ ቀኑን ሙሉ ጀልባው ላይ የሰው ፎጣ ይዞ ተቀምጦ ዋለ። ለምን እንዳልሞከረ ስጠይቀው «አልወድም» አለኝ። ማታ በስልኩ የሚያየው ግን ዌክቦርድ ነው። በሰው ዕቃ መለማመድ አፍሮ ነው። እንደ እርስዎ ያለ ሰው ይህን ካላወቀ ማን ያውቃል?

ታዛቢ (ዳላስ)
እናትሽን ረሳሻቸው አላልሁም። ያልሁት ስለ ልማድ ነው። እኛ በአንድ ጫማ ሁለት ወንድማማቾች ተፈራርቀን ትምህርት ቤት ሄደናል።

የቢሾፍቱ ልጅ
ታዲያ እሷም በአንድ ሰሌዳ ለሁለት እያለች ነው።

አዲስ ገቢ (ብሉሚንግተን)
እኔ የተከራየሁት ቤት ጋራዥ ውስጥ የቀድሞው ተከራይ ትቶት የሄደ ሰሌዳ አለ። አከራዩን ጠይቄ ነበር፣ በ60 ዶላር ሽጠው ብሎኛል። 136 ሴንቲ ሜትር ይላል። አንደኛው ማሰሪያ ጎማው ተረከዙ ላይ ትንሽ ተቀዷል።

የሁለት ወንዶች እናት
እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ስንት ቁጥር ጫማ ያስገባል? ታላቁ 10 ነው የሚያደርገው። ጋሼ፣ 136 ለታናሹ አይረዝምበትም?

ታዛቢ (ዳላስ)
ለመሆኑ 200 ዶላሩን የምትልኪው በባንክ ነው ወይስ በሰው እጅ?

ጡረተኛው መካኒክ
በባንክ እንጂ! በሰው እጅ የሚሉትን እኔ አይቼዋለሁ። በ2015 የላክሁት ገንዘብ እስከ ዛሬ ድረስ…

ታዛቢ (ዳላስ)
ጋሼ፣ ልዩነቱን አስልተውት ያውቃሉ? እስቲ በዛሬው ምንዛሪ እናስላው።

የሁለት ወንዶች እናት
ጋሼ፣ 136ቱ?